የጣቢያ ሰባት አንባቢ

መጀመሪያ የሬዲዮው ሹሽታ መጣ፤ አሸዋ በቆርቆሮ ላይ ሲንሸራተት የሚመስል። ከሹሽታው ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ።

«ጣቢያ ሰባት። ቁንዝላ። ዳኘው ነኝ። ሁለት ሜትር ከአርባ አንድ።»

መብራት ገና አላበራሁም ነበር። ከመስኮቱ ውጭ ጉሙ በዳር የበቀለውን ደንገል ውጦት ሐይቁ የት እንደሚጀምር አይለይም። እርሳሴን በዳሰሳ አግኝቼ ቁጥሩን ጻፍሁ። ከድምፁ ኋላ ዶሮ የምታባርር ሴት ትሰማለች፤ ከዚያ ውሃ ከእንጨት ጋር ሲላጋ፣ ከዚያ ምንም። «አበቃ» ይልና ይጠፋል።

ሁልጊዜ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲህ ነበር። የምሠራው ባሕር ዳር፣ የጣናን የውሃ ከፍታ በሚከታተል ትንሽ ጽሕፈት ቤት ነው። በሐይቁ ዙሪያ ዘጠኝ ቦታ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ ውሃ ውስጥ ተተክሏል። በየምሰሶው አጠገብ የሚኖር አንባቢ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አይቶ በሬዲዮ ይነግረኛል፤ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባዋለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይሳካልኝ፣ የሁለት ወር ሥልጠና ወስጄ በሰማንያ መስከረም ነው የተቀጠርሁት። ጓደኛ አልነበረኝም፤ መኖሩም አላማረኝም። ዘጠኙን ድምፆች እንደ ጎረቤት አውቃቸው ነበርና ይበቁኝ ነበር።

ከሁሉም ሰባትን እወደው ነበር። ሌሎቹ ቁጥራቸውን ወርውረው ይሄዳሉ። ሰባት ግን አንዳንድ ቀን ጨመር ያደርጋል። «ዛሬ ነፋስ አለ፤ ልኩን አትመነው» ይላል። አንድ ቀን ደግሞ «ውሃው ዝም ብሏል፤ እኔም ዝም ልበል» ብሎ ቁጥሩን ረስቶት ሄደ፤ ተመልሶ ነገረኝ። በምሳ ሰዓት ከዋርካው ሥር ተቀምጬ መልኩን አስብ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ። ፊቱን ግን ልጨርሰው አልቻልሁም።

ኮምፒውተሮቻችን ሁለት ነበሩ። የኔው በእርዳታ የመጣ ነው። ሌላው ከምሥራቅ ጀርመን የተላከ ሲሆን ከኮሪደሩ ማዶ፣ በእትዬ እናትዓለም ክፍል ይገኝ ነበር። የሠራተኛውን መዝገብ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የተቀጠረበት ቀን፣ የሞተበት ቀን። ሁለቱን መሣሪያዎች ከውጭ ለሚያያቸው ወንድማማች ይመስላሉ። የሚመሩበት ሥርዓት ግን ለየቅል ነበር። የአንዱን ዲስክ ሌላው ውስጥ ቢከቱት «ባዶ ነው» ይላል። መቶ ስም የተጻፈበትን ዲስክ በእጄ ይዤ «ባዶ» ሲለኝ፣ ዓይነ ስውር ፊት መብራት ይዤ የቆምሁ ይመስለኝ ነበር። እናም ሰዎቹ በአንድ ክፍል፣ የሚያነቡት ውሃ በሌላ ክፍል ይኖር ነበር። ተገናኝተው አያውቁም።

ቁልፉ የኔ ሐሳብ ነው። የአባቴ ወንድም መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በአንድ የደሴት ገዳም ውስጥ መጻሕፍቱ ከሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ሦስት ቁልፍ ያዦች አንዱ ናቸው። ሦስቱ በአንድነት ካልተገኙ በሩ አይከፈትም፤ ማንም ታላቅ ሰው ቢመጣ አይከፈትም፤ ከሦስቱ አንዱ ቢታመም እስኪሻለው ይጠበቃል። የመሥሪያ ቤታችን የፓርቲ ተጠሪ ጓድ አዘዘ የሠራተኛው መዝገብ በአንድ ሰው እጅ መሆኑ እንዳላማራቸው በስብሰባ ሲናገሩ፣ ይህን አነሣሁላቸው። የጀርመኑ መሣሪያ መዝገብን በይለፍ ቃል መቆለፍ ይችላል። የይለፍ ቃሉን ለሁለት ከፈልነው፤ ፊተኛውን ግማሽ እትዬ እናትዓለም፣ ኋለኛውን ጓድ አዘዘ በየልባቸው ያዙ። አንዳቸው ሲጽፉ ሌላው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ከዚያ ወዲህ ማንኛቸውም ለብቻቸው መዝገቡን ማየትም ሆነ መለወጥ አይችሉም።

ጓድ አዘዘ ተደስተው ትከሻዬን መቱኝ። «የደብተራ ልጅ፣ ለአብዮቱም ዕቃ ቤት ሠራህለት» አሉ።

በሰማንያ አንድ ጥር፣ ለአስተርዮ ማርያም አጎቴ ዘንድ ልሄድ በጀልባ ተሳፈርሁ። ነጂው ክንዱ የቁንዝላ ሰው ነው። ወሬያችን ሲያልቅ፣ ዳኘውን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የውሃ ልኩን ዳኘው?» አለ። «እንዴት አላውቀው። ተዝካሩን በልቻለሁ።»

ሌላ ዳኘው መስሎኝ ነበር። አይደለም። በሰባ ዘጠኝ ሐምሌ፣ ማዕበል በተነሣበት ጧት፣ ምሰሶውን ሊያይ በታንኳ ወጥቶ ተገለበጠበት። በሦስተኛው ቀን ደንገል ውስጥ ተገኘ። ሚስቱ ባንቺአየሁ ዛሬም ያው ቤቷ ናት። ክንዱ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከውሃው አልነቀለም። እኔ ከሁለት ሰዓት በፊት የዳኘውን ድምፅ ሰምቼ፣ ቁጥሩን ጽፌ ነበር የተሳፈርሁት። ሐምሌ ሰባ ዘጠኝ ደግሞ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። ከሞተ በኋላ እንጂ በሕይወቱ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ማለት ነው።

በበዓሉ ላይ ምን እንደተበላ አላስታውስም።

ስመለስ ሬዲዮው ፊት የተቀመጥሁት እንደ ወትሮው በጨለማ አልነበረም፤ መብራቱን አብርቼ፣ በሩን ከፍቼ ነው። የካህናት ልጅ ነኝ። ነፍስ ከሥጋዋ ከተለየች በኋላ የት የት እንደምትዞር፣ በስንተኛው ቀን ምን እንደምታይ ሲነገር እየሰማሁ አድጌአለሁ። የውሃ ልክ ስታነብ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሹሽታው መጣ።

«ጣቢያ ሰባት። ቁንዝላ። ዳኘው ነኝ። ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስምንት።»

የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫንሁት። «ዳኘው፣ የት ነህ?» አልሁ።

ውሃው ምሰሶውን ሲመታ ይሰማኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ መታ።

«ውሃው ዳር ነኛ» አለ በመጨረሻ። «አበቃ።»

ያን ሳምንት የቀረበልኝን አልበላሁም። ቁጥሩን ማስገባቴን ግን አልተውሁም። የሠራተኛ ቁጥር አርባ አንድ፣ ጣቢያ ሰባት፣ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ሰባት። የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ የሚያብለጨልጩት አረንጓዴ ቁጥሮች ከውሃ በታች የሚተነፍሱ ይመስሉኝ ጀመር። በአራተኛው ቀን ኮሪደሩን ተሻግሬ እትዬ እናትዓለምን ጠየቅኋቸው። ሞት የሚመዘገበው እሳቸው ዘንድ ነው።

እትዬ እናትዓለም ወደ አርባ የሚጠጉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። ጥያቄዬን ሰምተው ተነሡና በሩን ዘጉት። ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ለሌላ ሰው ተናግሬ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የምነግረው ሰው እንደሌለኝ ስነግራቸው አመኑኝ፤ ይህ በመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ነው።

«ዳኘው ሞቷል» አሉኝ። «የምትሰማው ሣህሉ ነው። የናቴ ልጅ፤ የመጨረሻው።»

ሣህሉን ከአንበሳሜ ገበያ ነው ለውትድርና አፍሰው የወሰዱት፤ አህያ ሊሸጥ ሄዶ። ሁለት ዓመት ሰሜን ጦር ግንባር ቆይቶ ከዳ። ቀን እየተደበቀ፣ በእግሩ፣ ሐይቁን ዞሮ ቁንዝላ ሲደርስ የዳኘው አርባ ገና አልወጣም ነበር። ባንቺአየሁ የእትዬ እናትዓለም የክርስትና ልጅ እናት ናትና ቤቷ አስገባችው። ጣቢያው ዝም ካለ ከባሕር ዳር የሚያጣራ ሰው ይላካል፤ ሰው ከተላከ ሣህሉ ይገኛል። ስለዚህ በማግስቱ ጧት ሬዲዮውን ከፍቶ «ዳኘው ነኝ» አለ። የዳኘው ሞት ግን ቀድሞ ተመዝግቦ ነበር፤ ሚስቱ ወረቀት ጠይቃ፣ ግልባጩም አዲስ አበባ ሄዷል።

«እዚህ እኔ ዘንድ ሞቷል፤ እዚያ አንተ ዘንድ በሕይወት አለ» አሉኝ። ወደ በሩ አመለከቱ። «ወንድሜን ያኖረው ይህ ኮሪደር ነው።»

ቢያዝ ምን እንደሚሆን አልነገሩኝም። በዚያ ዓመት የከዳ ወታደር ምን እንደሚሆን የማያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ እንጂ አልለቀቀኝም። የሞተ ሰው ድምፅ መስሎኝ የፈራሁት የሕያው ሰው ድምፅ ሆነ፤ የሕያው ሰው ድምፅ ደግሞ የሚጠፋ ነገር ነው። በየጧቱ ሹሽታው እስኪመጣ ትንፋሼን እይዛለሁ። እሱም እንዳወቅሁ ሳያውቅ አልቀረም። አንድ ቀን ከቁጥሩ በኋላ «ዛሬ ጉም አለ እዚያ?» አለኝ። «አለ» አልሁት። «እዚህም አለ» አለ።

በየካቲት ትእዛዝ መጣ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉትን ወንዶች፣ ዛሬ በሥራ ላይ የሚገኙበትን ቦታ ጨምሮ እንዲያስታውቅ። ዕድሜው ያለው በእትዬ እናትዓለም መሣሪያ፣ ማን የት እንዳለ የሚታወቀው በኔ። ጓድ አዘዘ ሁለታችንንም ጠርተው፣ ሰው በወረቀት ሲገለብጥ ይሳሳታል፣ ሲፈልግም ይሳሳታል፤ ስለዚህ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በገመድ ይቀጠሉ፣ የሠራተኛው መዝገብ ግልባጭ ወደ እርዳታው መሣሪያ ይተላለፍ፣ ከዚያ ይመሳከር አሉ። ሁለት ሳምንት ሰጡኝ።

እትዬ እናትዓለም በዚያው ቀን ክፍሌ መጡ። መዝገቡ ወደኔ ከመጣ በኋላ ቁልፉ ምን እንደሚሆን ጠየቁኝ።

«ቁልፉም አብሮ ይመጣል» አልኋቸው። «እዚህም ሲከፈት የሁለታችሁን ቃል ይጠይቃል። ያለ እርስዎ አይከፈትም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ያሰቡትን ነገሩኝ። መዝገቡ እንዲወጣ በክፍላቸው ቃላቸውን ይጽፋሉ፤ እምቢ ቢሉ ይጠረጠራሉ። እኔ ክፍል ሲደርስ ግን ቃሉ ጠፋብኝ ይላሉ፤ ይሳሳታሉ፤ ይታመማሉ። አንድ ሳምንት ካገኙ ሣህሉን በቋራ በኩል ሰው ድንበር ያሻግርላቸዋል፤ መንገድ የሚያውቀው ሰው የሚመለሰው ግን ለመጋቢት መባቻ ነው። ከበሩ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«አንተ በበኩልህ አርባ አንድን ብታጠፋውስ? ጣቢያ ሰባት አንባቢ የለውም ብትል?»

ይህን ጥያቄ አሁን ሳስበው እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ማጥፋት እችል ነበር፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የወር ሪፖርቱ ከነቁጥሩ አዲስ አበባ ስለሄደ አለመመሳሰሉ ይታወቃል አልኋቸው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ምክንያቴ እሱ ብቻ አልነበረም። ቁልፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አመንሁት። ደግሞም የዓመት ተኩል ድምፁን በጣቴ «የለም» ማለት አቃተኝ።

«አያስፈልግም» አልኋቸው።

ገመዱን ለማስማማት አሥር ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ከጀርመኑ ምንም አይመጣም ነበር። የአንዱን አፍ ከሌላው አፍ፣ የአንዱን ጆሮ ከሌላው ጆሮ አገናኝቼ ኖሯል፤ ሽቦዎቹን አጠላልፌ አፍ ከጆሮ ሳገጥም መስተዋቴ ላይ ፊደል መዝነብ ጀመረ፤ ትርጉም የሌለው፣ ምልክትና ቁጥር የተደባለቀበት፣ በቅዠት የሚናገር ሰው የመሰለ። ፍጥነታቸውን ስላላመሳሰልሁ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከማዶ «ሰላም» ብዬ የጻፍሁት ቃል በኔ መስተዋት ላይ አንድም ፊደል ሳይጎድልበት ወጣ። ኮሪደሩን ሮጬ ተሻግሬ ለእትዬ እናትዓለም ነገርኋቸው። ተደስቼ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ነው ምን እንደተናገርሁ የገባኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሥራው ተጀመረ። በእትዬ እናትዓለም ክፍል ሁለቱም ተራ በተራ ቃላቸውን ጻፉ፤ እኔና ተራው ያልደረሰው ሰው ወደ መስኮቱ ዞርን። መዝገቡ ተከፈተ፤ እንዲተላለፍ አዘዝሁት። ገመዱ በኮሪደሩ ወለል ላይ ተጋድሟል። ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ ምንም ሳይሰማ፣ መቶ አሥራ ሁለት ሰው በውስጡ አለፈ።

ወደኔ ክፍል ገባን። ጓድ አዘዘ ከጎኔ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እትዬ እናትዓለም ከኋላችን ቆሙ፤ ቃላቸውን ሊረሱ ተዘጋጅተዋል። መዝገቡ እንዲከፈት አዘዝሁና የይለፍ ቃሉን የሚጠይቀውን መስመር ጠበቅሁ።

አልጠየቀም። ስሞቹ ወረዱ፤ ከነዕድሜያቸው፣ ከነልደታቸው፣ ከነሞታቸው።

የሆነው ወዲያው ነው የገባኝ። የቆለፈው የጀርመኑ ሥርዓት ነው፤ የእርዳታው ሥርዓት ቁልፍ የሚባል ነገር ጨርሶ አያውቅም። በአጎቴ ዕቃ ቤትም ሦስቱ ቁልፎች በሩ ላይ እንጂ መጽሐፉ ላይ አልነበሩም። አንድ ጊዜ ከወጣ መጽሐፉ ለማንም ይገለጣል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ነው ያደግሁት።

«ቁልፉስ?» አሉ ጓድ አዘዘ።

«እዚህኛው አይቆለፍም» አልሁ።

«እንግዲያ ተገላገልን። አመሳክረው።»

የማመሳከሪያውን ትእዛዝ ከሦስት ቀን በፊት እኔው ጽፌ አዘጋጅቼ ነበር። ጊዜ ይወስዳል፣ ነገ ጧት ቢሆን ይሻላል አልሁ። ጓድ አዘዘ እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አሳልፈው፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ሲያዩኝ ስለከረሙ፣ ራሳቸው ተጫኑት። ማተሚያው ተነሣ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉት ወንዶች በየጣቢያቸው ወጡ፤ ሃያ ሦስት ሰዎች። ከሥራቸው ባዶ መስመር፤ ከባዶው መስመር በታች አንድ ሰው ለብቻው። ሁለቱ መዝገቦች ያልተስማሙበትን ሰው ለብቻ እንዲያወጣ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።

ጓድ አዘዘ ወረቀቱን ቀደው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። አርባ አንድ። ዳኘው። ጣቢያ ሰባት። የሞተበት፣ ሐምሌ ሰባ ዘጠኝ። የመጨረሻ ንባብ፣ ዛሬ፣ ሁለት ሜትር ከሃያ ዘጠኝ።

ደግመው አነበቡት። «ይኼ ምንድነው?»

«ስህተት ነው» አልሁ። «ሁለቱ መሣሪያዎች አይግባቡም። ሲተላለፍ የተበላሸ ይሆናል።»

«መቶ አሥራ አንዱ ሳይበላሽ?»

ጓድ አዘዘ አልተቆጡም፤ ወደ እትዬ እናትዓለምም አላዩም። ሟች ሐይቅ ሲያነብ ካሁን ቀደም እንዳላዩ፣ እሑድ ጧት ጀልባው ሲነሣ ሁለት ሚሊሻ ይዘው ሄደው በዓይናቸው እንደሚያዩት ተናገሩ። እስከዚያ ማንም ከማንም ጋር እንዳያወራ የሬዲዮውን መናገሪያ ነቅለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። አንባቢዎቹ ሁለት ቀን መልስ ባያገኙ ሐይቁ የትም አይሄድም አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ወጡ።

እኔና እትዬ እናትዓለም ቀረን። ዘወር ብዬ ላያቸው ፈርቼ፣ መስተዋቱ ላይ ያለውን ቁጥር እያየሁ ብዙ ተናገርሁ። አላወቅሁም ነበር አልሁ። ክንዱን ፈልጌ እልክበታለሁ አልሁ፤ ክንዱ ግን ያን ቀን ጎርጎራ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ራሴ እሄዳለሁ አልሁ። ቢሰድቡኝ እወድ ነበር።

ከዚያ እርምጃቸው ኮሪደሩን ሲሻገር ሰማሁ። ተከትዬ በራቸው ላይ ቆምሁ። የጀርመኑን መሣሪያ አጠፉት። የአቧራ ልብሱን አለበሱት፤ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት አድርገው አስተካከሉ። መነጽራቸውን አወለቁና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ነጠላቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ተከናነቡ።

«እትዬ፣ ምን ላድርግ?» አልሁ።

በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻቸው ነካኝ። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ አልሞላም፤ ጥበቃው ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣቸው፤ እሳቸውም አጸፋውን መለሱለት። ከበሩ ሲወጡ ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ አልሄዱም፤ ወደ ወደቡም አልወረዱም። የግቢውን ግንብ ይዘው፣ መንገድ በሌለበት በኩል፣ ሣህሉ እንደመጣው በእግራቸው፣ በቁንዝላ አቅጣጫ ወደ ደንገሉ ሄዱ።